በእልህ የተገፋ ወታደር

በስልኩ የ5 ደቂቃ ቼዝ የሚጫወት ሰው እልህ እንደያዘው ለማወቅ ፊቱን ማየት አያስፈልግም። ሰዓቱ ይናገራል። ረጋ ብሎ የተጫወተው ጨዋታ ሲያልቅ፣ ቢያሸንፍም ቢሸነፍም፣ ከ5ቱ ደቂቃ የሚተርፈው ትንሽ ነው። ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ከተሸነፈ በኋላ በአራተኛው ንግሥቱን አስበልቶ እጅ ሲሰጥ ግን ከ3 ደቂቃ በላይ ሳይነካ ተቀምጦ ይገኛል። ማሰቢያ ጊዜ ሞልቶት ነበር። ማሰብ ትዕግሥት ይፈልጋል፣ እልህ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አይወድም።

የባሰው ግን ሰውየው ይህን አለማወቁ ነው። ብትጠይቁት ተናድጃለሁ አይላችሁም። «ይሄኛው በኮምፒውተር እየታገዘ ነው የሚጫወተው» ይላል፤ «ዛሬ ቀኔ አይደለም» ይላል፤ አለዚያም ጨዋታው ራሱ የማይረባ መሆኑን ያስረዳችኋል። ስሜት ሲመጣ ስሙን ተናግሮ አይገባም፤ ስለ ዓለም የተነገረ እውነት መስሎ ነው የሚገባው። ታክሲ ውስጥ «ጠጋ ጠጋ በሉ» የሚለው ረዳት በየቀኑ የሚለው ይህንኑ ነው። እንቅልፍ አጥተን ባደርንበት ጠዋት ግን ቃሉ ስድብ፣ ረዳቱም ባለጌ ሆኖ ይታየናል። ጨዋታና ኑሮ በዚህ በኩል አንድ ናቸው። ልዩነታቸው ቼዝ ላይ እያንዳንዱ እርምጃና እያንዳንዱ ሰከንድ ተመዝግቦ ስለሚቀመጥ ስሜት ያበላሸውን ነገር ተመልሶ ማየት መቻሉ ነው። ኑሮ እንዲህ ያለ መዝገብ የለውም። ቼዝን መነሻ ያደረግሁት ለዚህ ነው።

እልህ ሰሌዳው ላይ የሚሠራው ሥራ የታወቀ ነው። መጀመሪያ ተጫዋቹ የራሱን ጥቃት ብቻ ማየት ይጀምራል። ደህና ተጫዋች ከእያንዳንዱ እርምጃ በፊት ራሱን የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፦ ተጋጣሚዬ አሁን በየት በኩል ቼክ ይለኛል (ንጉሤን ያጠቃል)? ምኔን ይበላብኛል? ቀጥሎስ ምን አስቧል? ሲለመድ 3 ወይም 4 ሰከንድ ቢወስድ ነው። እልህ የያዘው ሰው አስቀድሞ የሚጥለው ይቺን ጥያቄ ስለሆነ ፈረሱ ያለ ጠባቂ መቆሙን የሚያውቀው ከተበላ በኋላ ነው። ቀጥሎ ንጉሡን ከሸፈኑት ሦስት ወታደሮች አንዱን ለማጥቃት ብሎ ወደፊት ይገፋል። ፈረስ ያለቦታው ቢሄድ በሌላ ተራ መመለስ ይቻላል። ወታደር ግን ወደኋላ አይሄድም፤ በተገፋበት ይቀራል፣ የከፈተውም ቀዳዳ እስከ ጨዋታው መጨረሻ ድረስ ክፍት ነው። ከዚያ ደግሞ አቻ ቢጠየቅ እምቢ ይላል፣ እየተሸነፈም ቢሆን። ለወራት ሲለማመድ የኖረውን አከፋፈት ጥሎ «ዛሬ አሳየዋለሁ» በሚል ስሜት የማያውቀውን የሚሞክርም ብዙ ነው።

ፍርሃት በተቃራኒው ይሄዳል። ተጋጣሚው በሬቲንግ፣ ማለትም በችሎታ መለኪያው፣ በ200 ነጥብ እንደሚበልጠው ያየ ሰው ቶሎ ቶሎ መቀያየር ይወዳል፤ ፈረስ በፈረስ፣ ንግሥት በንግሥት። ሰሌዳው ባዶ ሲሆን አደጋው የሚቀንስ ይመስለዋል። ጥቂት ዕቃ ቀርቶ በሚደረገው ፍልሚያ ግን የጠንካራው ሰው ብልጫ ይብስ ይጎላል። የፈራ ሰው ሰዓቱንም መጀመሪያ ላይ ይጨርሳል። ለመጀመሪያዎቹ 10 እርምጃዎች 2 ደቂቃ ከፍሎ፣ ኋላ ጨዋታው ሲጠብቅ በ15 ሰከንድ ይንደፋደፋል።

ስለ ደስታ ብዙ አይወራም እንጂ እሱም ያስከፍላል። ሩክ የሚባለውን ትልቅ ዕቃ በነፃ የበላ ሰው ወንበሩ ላይ ለጠጥ ይላል፤ ከዚያ በኋላ የሚያደርጋቸው እርምጃዎች ከሁሉም የላሉ ናቸው። በጀማሪዎች ዘንድ የተለመደው አደጋ ይህ ነው፦ ተጋጣሚው ንጉሡ ብቻ ቀርቶታል፣ አሸናፊው ሁለት ንግሥት አለው፣ በደስታ ተጣድፎ የንጉሡን መንገድ ሁሉ ቼክ ሳይል ይዘጋዋል። ንጉሡ መሄጃ አጣ፣ ቼክ ግን አልተባለም፤ ጨዋታው በአቻ አለቀ። መድኃኒቱ ቀላል ነው። እየመሩ ሲጫወቱ ከእያንዳንዱ እርምጃ በፊት «አሁን እሱ የሚሄድበት ቦታ አለው?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ድብርት ግን የተለየ ፀባይ አለው። ከባድ ድብርት ቶሎ እጅ ያሰጣል፤ ጨዋታው ገና ሲያጋድል «በቃ» ያሰኛል። ቀለል ያለ መከፋት ግን አንዳንዴ ዓይንን ያጠራል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጆሴፍ ፎርጋስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት ሲድኒ ውስጥ ከአንድ ትንሽ ሱቅ የሚወጡ ሰዎችን መክፈያው ጠረጴዛ ላይ ምን ምን ዕቃ ተደርድሮ እንዳዩ ጠይቀው ነበር። ደመናና ዝናብ በነበረበት ቀን የወጡት፣ ቅር ያላቸው ሆነው ሳለ፣ በፀሐያማው ቀን ከወጡት ይልቅ ዕቃውን በደንብ አስታወሱ። ደስ ያለው ሰው ዙሪያውን ብዙም አይመረምርም። ስለዚህ ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ቀኑ ሲጫጫነን፣ ያ ቀን የሒሳብ መዝገብ ለማመሳከር፣ ውል ለማንበብ ወይም ረጅም ጨዋታ ቀስ ብሎ ለመጫወት የማይመች ነው ብሎ መደምደም ልክ አይሆንም። የማይመቸው ለብሊትዝ፣ በጥቂት ደቂቃ ለሚያልቀው ፈጣን ጨዋታ ነው።

ስሜት ከአንዱ ጉዳይ ወደ ሌላው እንደሚፈስ የሚያሳይ ሌላ ጥናት ኤሪክ ጆንሰንና አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1983 አሳትመዋል። ሰዎች ስለ አንድ ሰው አሳዛኝ ሞት የሚናገር ዜና አነበቡ፤ ከዚያ ልዩ ልዩ አደጋዎች ምን ያህል ሰው እንደሚገድሉ እንዲገምቱ ተጠየቁ። ግምታቸው ከፍ ያለው በዜናው ላይ ለተጠቀሰው አደጋ ብቻ አልነበረም፤ ከዜናው ጋር ምንም ለማይገናኘውም ጭምር ነበር። ጠዋት ከአልጋው ሳይወርድ የቴሌግራም ቻናሎችን የሚያገላብጥ ሰው ይህን ሊያስብበት ይገባል። ያነበበው ስለ ጦርነት ሊሆን ይችላል፤ 3 ሰዓት ላይ የሚያመነታው ግን ለልጁ ትምህርት ቤት ስለመቀየር ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ያ ዜና ትቶት የሄደው ስሜት ብቻ ነው።

በዚሁ ዓመት ኖርበርት ሽዋርዝና ጄራልድ ክሎር የሠሩት ደግሞ በጣም ሲጠቀስ የኖረ ነው። ሰዎችን በስልክ እየደወሉ በሕይወታቸው ምን ያህል እንደሚረኩ ጠየቁ። በፀሐያማ ቀን የተጠየቁት በዝናባማ ቀን ከተጠየቁት የተሻለ መልስ ሰጡ። ጠያቂው አስቀድሞ «ለመሆኑ እዚያ አየሩ እንዴት ነው?» ብሎ ካነሳላቸው ግን የዝናቡ ጫና ጠፋ። የኋላ ጥናት ይህን አለዝቦታል፤ ሪቻርድ ሉካስና ኒኮል ሎውለስ እ.ኤ.አ. በ2013 ከአንድ ሚሊዮን በላይ የአሜሪካ ነዋሪዎች የሰጡትን መልስ መርምረው የዕለቱ አየር ጠባይ በሕይወት እርካታ ላይ የሚያመጣው አስተማማኝ ለውጥ አላገኙም። እንግዲህ ዝናቡን ብዙ አንደገፍበት። እኔ የምይዘው ሁለተኛውን ክፍል ነው፤ የስሜትን ምንጭ ማንሳት። «ይህ ቅሬታ ከየት መጣ? ከዚህ ጨዋታ ነው ወይስ ከትናንት ማታው ጭቅጭቅ?» ብሎ መጠየቅ ምንም አያስከፍልም። መልሱ የትናንቱ ጭቅጭቅ ሆኖ ሲገኝ ደግሞ ፊት ለፊት ያለው ሰው ከክስ ነፃ ይወጣል።

አሁን ወደ ሬቲንግ ነጥብ ልመለስ፤ ብዙ እልህ የሚወለደው ቁጥርን ካለመረዳት ነውና። የቼዝ ሬቲንግ መሠረቱ አርፓድ ኤሎ የተባለው፣ በትውልድ ሃንጋሪያዊ የሆነ የአሜሪካ የፊዚክስ መምህር የቀመረው ስሌት ነው፤ ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1970 ተቀብሎታል። በዚህ ስሌት 100 ነጥብ የሚበልጥ ሰው ከ100 ጨዋታ 64 ያህል ውጤት ይጠበቅበታል፤ 200 የሚበልጥ ደግሞ 76። እኩል ለእኩል የሆኑ ሰዎች ላይ ግማሽ በግማሽ ነው። ግማሽ በግማሽ ማለት ግን አንድ ማሸነፍ አንድ መሸነፍ እየተፈራረቀ ይሄዳል ማለት አይደለም። አቻውን ትተን፣ ከእኩያው ጋር 100 ጨዋታ የሚጫወት ሰው የሆነ ቦታ ላይ 5 ጊዜ ተከታትሎ የመሸነፍ ዕድሉ ከ10 ስምንት ያህል ነው። ችሎታው አልወረደም፣ ማንም አላጭበረበረውም፤ ሳንቲም ቢወረወርም እንዲሁ ነው። ይህን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው አምስተኛው ሽንፈት ሲመጣ እንደ ውርደት አይቀበለውም።

ትክክለኛው ኪሳራ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እልህ የአንድን ሰው አጨዋወት በ100 ነጥብ ያህል ያወርደዋል እንበል። የሚጫወትበት ድረ ገጽ ግን ይህን አያይም፤ የሚያጋጥመው ከቀድሞ እኩዮቹ ጋር ነው። ከ10 ጨዋታ 5 ይጠብቅ የነበረው አሁን የሚጠብቀው 3.6 ነው። በአንድ ጨዋታ የሚሄደው ወይም የሚመጣው 8 ነጥብ ቢሆን፣ በ10 ጨዋታ ከ20 ነጥብ በላይ ይጎድላል። ያንን «ላስመልስ» ብሎ ሌላ 10 ይቀጥላል። ተሸናፊ ሒሳብ በሚከፍልበት ፑል ቤትም፣ በፕሌይስቴሽን ቤትም የሚሆነው ይኸው ነው፤ እዚያማ ብር አለበት።

ብዙ ሰው ለራሱ የሚያወጣው ሕግ «አንዴ ላሸንፍና ልነሣ» የሚል ነው። ጥሩ ሕግ ይመስላል፤ ከሁሉም የከፋው ግን እሱ ነው። ለምን? ጥሩ ስሜት ላይ ባለንበት ቀን ቶሎ ስለምናሸንፍ ቶሎ ያስነሣናል። ክፉ ስሜት ላይ ባለንበት ቀን ግን ማሸነፍ ስለሚርቅ እዚያው ተክሎን ያመሻል። ስለዚህ ይህን ሕግ የያዘ ሰው በአንድ ክፉ ቀን የሚጫወታቸው ጨዋታዎች በአንድ ደህና ቀን ከሚጫወታቸው ይበዛሉ። ጭቅጭቅ ውስጥ «የመጨረሻውን ቃል እኔ ልናገር» የሚለውም ከዚሁ ሕግ አይለይም። መገልበጥ አለበት፦ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ከተሸነፉ መነሣት፣ ከዚያ ባይደርስም ቁጥሩ አስቀድሞ በተወሰነ ጨዋታ ላይ ማቆም፣ ለምሳሌ 6። ቁጥሩ የሚወሰነው ደግሞ ስልኩ ከመከፈቱ በፊት መሆን አለበት፤ ከሽንፈት በኋላ የሚወጣ ሕግ እልሁ ያወጣው ሕግ ነው።

ሕጉን ስሜቱ ሳይመጣ ማውጣት እንዳለበት አያቶቻችን ያውቁ ነበር። ታኅሣሥ 29 በልደት ዕለት የሚደረገው የገና ጨዋታ ቆልማማ ዱላና ሩር ብቻ ይዞ፣ የተጫዋች ቁጥር ሳይገድብ፣ ሜዳው ላይ ሁሉንም የሚያጋፋ ነው። ዱላ ቁርጭምጭሚት ይመታል፣ ትከሻ ለትከሻ ይጋጫል፣ ተሸናፊው ወገን ደግሞ በግጥም ይሰደባል። ባላባቱና አገልጋዩ አብረው የሚጋፉበት ሜዳ ነው። እንግዲህ ይህ ሁሉ ቂም ሳያወርስ እንዲያልቅ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ተባለ። አባባሉ ጌታው አይናደድም አይልም፤ ዱላ ያረፈበት ሰው መናደዱ አይቀርም። የሚለው ንዴቱ ከሜዳ ወጥቶ ነገ ፍርድ እንዳይሰጥበት ነው። ሁሉም ሰው ሕጉን የሚያውቀው ደግሞ ሩሩ ከመመታቱ በፊት ነው። በጥንቱ የኢትዮጵያ ቼዝ፣ በሰንጠረዥም የሚያስገርመኝ ነገር አለ። ጨዋታው ሲጀመር ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ በየፊናቸው ዕቃቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ወረራ ይባላል። የመጀመሪያው ዕቃ እንደተበላ ግን ወረራው ያበቃና ተራ በተራ ይሆናል። ለግርግሩ ቦታ ተሰጥቶታል፤ የት ላይ እንደሚያበቃም ተወስኗል።

የዘመኑ የቪዲዮ ጨዋታ ሠሪዎችም ስሜትን በአጋጣሚ አይተዉትም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ሌፍት ፎር ዴድ የተሰኘው ጨዋታ ውስጥ «ዳይሬክተር» የሚባል ፕሮግራም አለ። የእያንዳንዱን ተጫዋች የጭንቀት መጠን በግምት ያሰላል፤ ተጫዋቹ ሲመታ፣ ጠላት አጠገቡ ሲወድቅ ቁጥሩ ይጨምራል። ጫፍ ሲደርስ ጠላት መላኩን ለጥቂት ጊዜ ይገታል፤ ተጫዋቾቹ ትንፋሽ ሲሰበስቡ እንደገና ይጀምራል። ሠሪዎቹ የገባቸው ነገር ያለ ማቋረጥ የሚጨንቅ ጨዋታ ከጥቂት ጊዜ በኋላ አስፈሪነቱ ቀርቶ አድካሚ እንደሚሆን ነው። ዕረፍቱ የፍርሃቱ አካል ነው። የኦንላይን ቼዝ ግን እንዲህ ያለ ዳይሬክተር የለውም። ጨዋታው እንዳለቀ «ሪማች» (ከዚያው ሰው ጋር ድጋሚ) እና «አዲስ ጨዋታ» የሚሉት ቁልፎች አውራ ጣት የሚደርስበት ቦታ ላይ ብቅ ይላሉ፤ በሽንፈቱና በቀጣዩ ጨዋታ መካከል ያለው ርቀት አንድ ሰከንድ ነው። ዕረፍቱን ራሳችን መሥራት አለብን።

እንዴት? ከመጀመሪያው ልጀምር። ከመጫወት በፊት ሦስት ነገር መጠየቅ ይበቃል፦ ተኝቻለሁ? በልቻለሁ? ያላለቀ ንዴት አለብኝ? አንዱ ከጎደለ ነጥብ የማይቆጠርበትን ጨዋታ መምረጥ፣ ወይም ፐዝል (የቼዝ እንቆቅልሽ) መሥራት፣ ወይም ጊዜውን ማርዘም ይሻላል። ያለ ጭማሪ ሰከንድ ከሚደረግ የ3 ደቂቃ ጨዋታ ይልቅ በእያንዳንዱ እርምጃ 5 ሰከንድ የሚጨመርበት የ10 ደቂቃ ጨዋታ ለእልህ የሚሰጠው ቦታ ጠባብ ነው። ሊቸስ በተባለው የቼዝ ድረ ገጽ ላይ የሚጫወቱ ሰዎች ምርጫዎች ውስጥ ገብተው የተጫዋቾች ሬቲንግ እንዳይታይ ማድረግ ይችላሉ፤ ያን ያደረገ ሰው ተጋጣሚው 200 ይበልጠው ወይም ያንሰው ሳያውቅ የሚጫወተው ሰሌዳውን ነው። ለፈሪውም ለናቂውም መድኃኒት ነው። በጨዋታው ውስጥ ያለውን የጽሑፍ መልእክት መዝጋትም ያስፈልጋል፤ ከማያውቁት ሰው የመጣ አንዲት የፌዝ ቃል የሁለት ጨዋታ ያህል ታስከፍላለች።

ከሽንፈት በኋላ ስልኩን በፊቱ ደፍቶ መነሣት። ውኃ መጠጣት፣ ወደ ውጭ ብቅ ማለት፣ 10 ደቂቃ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። 10 ደቂቃውን ስለዚያው ጨዋታ እየተብሰለሰለ ካሳለፈው አላረፈም፤ አካሉ ቢበርድም ሐሳቡ መልሶ ያቀጣጥለዋል። «ወጣልኝ» እስኪል መጮህ ወይም ጠረጴዛ መደብደብም አይረዳም። ብራድ ቡሽማን እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው ሙከራ ያናደዳቸውን ሰው እያሰቡ የቦክስ ከረጢት የደበደቡ ሰዎች ምንም ሳያደርጉ ዝም ብለው ከተቀመጡት ይበልጥ ተናደው፣ ይበልጥም ሊጎዱ ፈልገው ተገኝተዋል። እልህን በሪማች ማውጣት ማለት ያንን ከረጢት መደብደብ ነው። ስለዚህ ዕረፍቱ እጅና ዓይን የሚይዝ ሥራ ቢኖረው ይመረጣል፤ ሲኒ ማጠብ፣ ሽንኩርት መላጥ፣ ሱቅ ደርሶ መምጣት። ከዚያ ሲመለሱ የተሸነፉበትን ጨዋታ ከፍቶ አንድ እርምጃ ብቻ መፈለግ፣ ነገሩ የተገለበጠባትን። ሁሉንም ስሕተት ለመቁጠር የተቀመጠ ሰው ራሱን ሊገርፍ ነው የተቀመጠው።

ለፍርሃት ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ። ውድድር ወይም የሥራ ቃለ መጠይቅ ሊገባ ልቡ የሚመታበትን ሰው «ተረጋጋ» ማለት ልማዳችን ነው። አሊሰን ዉድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣችው ጥናት ከዘፈን፣ ከንግግርና ከሒሳብ ፈተና በፊት ለራሳቸው «ጓጉቻለሁ» ያሉ ወይም እንዲጓጉ የተነገራቸው ሰዎች እንዲረጋጉ ከተደረጉት የተሻለ ሠርተዋል። ምክንያቱ ይታየኛል። እየመታ ያለ ልብን በአንድ ጊዜ ማብረድ ከባድ ነው፤ ያንኑ ምት በጉጉት መተርጎም ግን ቅርብ ነው። ልጁን ወደ ብሔራዊ ፈተና የሚሸኝ ወላጅ «እንዳትፈራ» ከማለት ይልቅ «ያጠናኸውን የምታሳይበት ቀን ደረሰ» ቢለው የሚሻል ይመስለኛል።

ምሽቱን እንዴት መጨረስ እንደሚገባ የሚያስተምር አንድ ሙከራ አለ። ዳንኤል ካነማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 እንዳሳተሙት ሰዎች እጃቸውን ሁለት ጊዜ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ እንዲነክሩ ተደረገ። አንዴ በ14 ዲግሪ ውኃ ለ60 ሰከንድ። ሌላ ጊዜ ይኸው 60 ሰከንድ ሆኖ፣ ውኃው ቀስ በቀስ ወደ 15 ዲግሪ ከፍ የሚልበት 30 ሰከንድ ተጨመረበት። የትኛውን መድገም ትመርጣላችሁ ሲባሉ የሚበዙት ረጅሙን መረጡ፤ ሥቃዩ ረዝሞም ሳለ አጨራረሱ ስለተሻለ። ማስታወሳችን ለመጨረሻው ክፍል ያደላል ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ተሸንፎ የተነሣ ሰው ያንን ምሬት ይዞ አይተኛ፤ ከአቅሙ ዝቅ ያሉ 5 ቀላል ፐዝሎች ሠርቶ ይዝጋ። ማሸነፍን ሳያሳድድ አጨራረሱን ያሳምራል።

ከሰሌዳው ውጭ ይህ ሁሉ ይበልጥ ያስፈልጋል። በንዴት የተጻፈ መልእክት እንደተገፋው ወታደር ነው፤ ቢጠፋ እንኳ የተነበበው ተነቧል። ቴሌግራም ላይ የመላኪያዋን ቀስት ጫን አድርጋችሁ ብትይዙ መልእክቱን ለሌላ ሰዓት ቀጥሮ የመላክ ምርጫ ይመጣል። ማታ 5 ሰዓት የተጻፈውን ለነገ ጠዋት 3 ሰዓት መቅጠርና ጠዋት ቡና ከጠጡ በኋላ ከፍቶ ማንበብ ነው። ብዙውን ጊዜ ሐሳቡ ይቀራል፤ የሚወጣው ቅጽሉ ነው። በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ደግሞ ስለ ደሞዝ፣ ስለ ውርስ ወይም ስለ ኪራይ የሚደረግ ንግግር 8 ሰዓት ላይ ባይቀጥር መልካም ነው፤ ከማዕድ በኋላ ያው ሰው ያንኑ ጉዳይ በሌላ ልብ ይሰማዋል።

በተለይ ባሕር ማዶ ላሉ ቤተሰቦች የሰዓት ልዩነቱ ራሱ ስሜትን ያቃርናል። አዲስ አበባ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ቡና ተፈልቶ፣ ሁሉም ተሰብስቦ፣ ዋሽንግተን ሲደወል እዚያ ገና ሌሊት ነው፤ ስልኩን የምታነሣው እህት ከሌሊት ፈረቃ ገና መመለሷ ይሆናል። ድምፅዋ ሲደክም «ምነው፣ ከበድንሽ እንዴ?» ይባላል፤ እሷም ይህን ስትሰማ ይከፋታል፤ የሁለት ደቂቃ ስልክ የሁለት ወር ቅያሜ ያተርፋል። እዚህ የሚያዋጣው ያው የምንጩ ጥያቄ ነው፤ ከ«እንዴት ነሽ» ቀጥሎ «ከሥራ ገባሽ ወይስ ልትወጪ ነው?» ማለት። መልሱ የድምፁን ድካም ባለቤት ያሳውቃል። ልትተኛ ከሆነ ቀጠሮ ይዞ መዝጋት ከሁሉ ይሻላል። እሷም ብትሆን «እማዬ፣ ደክሞኛል እንጂ ደህና ነኝ» ብላ ብትጀምር የደወሉት ሰዎች ሌላ ምክንያት አይፈልጉም።

የመጨረሻው የልጆች ጉዳይ ነው፤ የሽንፈትን ስሜት መሸከም የሚለመደው በዚያ ዕድሜ ነውና። ሲሸነፍ ሰሌዳውን የሚገለብጥ ልጅ ላይ መቆጣት አይጠቅምም፤ ሆን ብሎ መሸነፍም አይጠቅምም፤ ልጆች ያውቁታል፣ ሲያውቁትም ካለፉት ድሎቻቸው አንዱንም አያምኑም። የሚሠራው እኩል ማድረግ ነው። ትልቁ ሰው ንግሥቱን ከሰሌዳው አውጥቶ በሙሉ ኃይሉ ይጫወት። ልጁ ከአራት ጨዋታ ሦስቱን ማሸነፍ ሲጀምር ንግሥቷ ትመለስና አንድ ሩክ ይውጣ፤ እሱንም ሲለምደው ሩኩ ይመለስና አንድ ፈረስ ይውጣ። በአንድ ቁጭታ ከሁለት ወይም ከሦስት ጨዋታ አይበልጥ፤ ከመቀመጣቸው በፊትም ቁጥሩን ልጁ ራሱ ይናገር። ሲሸነፍ ካለቀሰ ያልቅስ፤ «ይሄማ ምን ያስለቅሳል» አይባል፤ «ተናደሃል አይደል? ፈረስህን ስበላብህ ነው የጀመረህ» ብሎ ስሜቱን ከምንጩ ጋር ማገናኘት ነው። ከዚያ ዕቃዎቹን አብረው ወደ ሣጥኑ ይመልሱ፤ ቆጥረው፣ 32ቱንም።